ጪጩ ላይ የቀረው ጥርስ

ጋሼ ታምሩ፣ ወንድሜ፤

ከተለየኸን ዘጠኝ ዓመት ከሁለት ወር ሆነ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድ መስመር አልጻፍኩልህም። የመጨረሻው ደብዳቤዬ አንተ ለጤና ረዳትነት ትምህርት ሐዋሳ ሳለህ የላክሁልህ ነው። ትተኸው የሄድከውን ቡናማ ጫማ አጥልቄ በጭቃ ስዞርበት ሶሉ ተገነጠለና፣ ጫማህን አይጥ በላው ብዬ ጻፍኩልህ። መልስህ አንድ መስመር ነበር፤ "አይጡ ስንት ቁጥር ነው የሚያደርገው?" የምትል። ያቺን ወረቀት እስከ ዛሬ አልጣልኳትም።

ዛሬም የምጽፍልህ ስለ ሌላ አይጥ ነው። ይሄኛው ግን ከጫማ የበለጠ ነገር በልቷል። ቁጥሩንም አንተ ሳትጠይቀኝ ራሴ እነግርሃለሁ።

በፊት የቤቱን ወሬ ልንገርህ። የቆርቆሮው አጥር ወርዶ ብሎኬት ተሠራ። በእጅህ የተከልከው አቮካዶ ጣሪያውን አልፎ ሄዷል፤ ፍሬው ቆርቆሮው ላይ ሲወድቅ እንግዳ ሰው ከወንበሩ ይነሳል፣ እኛ ለምደነዋል። ኮሌጁ ዩኒቨርሲቲ ሆኖ ዲላን ተማሪ ሞልቷታል። ባጃጅ በዝቶ መንገድ ማቋረጥ እንደ ፈተና ሆኗል። ሞባይል የሌለው ሰው የለም። እኔ ሁለት አለኝ፤ አንዱ አይሠራም፣ ግን ኪሴን ሞላ አድርጎ ያሳየኛል። አንተን ባጣንበት ቀን አንዲት ብቻ ብትኖረን ኖሮ እያልኩ ስንት ጊዜ እንዳገላበጥኳቸው አትጠይቀኝ።

ሚስትህ እትዬ አስቴር መነጽር አድርጋለች። ፀጉሯ ከፊት በኩል ነጭ ብሏል፤ ዱቄት ነክቶሽ ነው ወይ እያልኩ አበሽቃታለሁ። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ምሳ የምበላው እሷ ዘንድ ነው፤ አንድም እሁድ አላለፈኝም። ልጅህ ቤዛ ነርስ ሆና ፍስሐ ገነት ጤና ጣቢያ ተመድባለች። ያንተን አረማመድ ነው የምትራመደው። ነጭ ጋዋኗን በክንዷ ላይ ጥላ ከመናኸሪያ ስትመጣ፣ ከኋላዋ ካየኋት ልቤ ይቆማል።

መኪናህ ፔጆዋም አለች። አልሸጥናትም። አቮካዶው ስር ቆማ፣ ዶሮ ከኋላ ወንበሯ ላይ እንቁላል እየጣለችባት፣ ጥርሷ እንደረገፈ ዘጠኝ ዓመት ኖረች።

ጥርሷ ስል ታስታውሳለህ። ከፊቷ ራዲያተሩን የሚሸፍነውን ጥቁር ፕላስቲክ፣ መካኒኮቹ ግሪል የሚሉትን፣ በእኛ ቤት ጥርስ እንጂ ሌላ ስም አልነበረውም። ከአዲስ አበባ ይዘሃት የመጣህ ዕለት ቤዛ ገና በእጇ እየዳኸች ከፊቷ ሄዳ ቁጭ አለችና ሳቀች፤ መኪናዋ የሳቀችላት መስሏት ነው። ከዚያ ወዲህ አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያንዳንዱን ዘንግ ስትፈትግ፣ እኔ አጥር ላይ ተቀምጬ "የጥርስ ሳሙና ላምጣልህ?" እልሃለሁ። አንተ መልስ አትሰጠኝም። ታፏጭብኛለህ።

ስለ ፉጨትህ ልጻፍ ብዬ ሁለት ጊዜ ብዕሬን አስቀመጥኩ። በፊት ጥርሶችህ ፍንጭት መሃል የምታወጣው ያ ቀጭን ፉጨት፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። እኔ እየነዳሁ አንተ አጠገቤ ስትቀመጥ በአፍህ ቀስ በል ብለኸኝ አታውቅም። ስፈጥን ያቺን ፉጨት ብቻ ትለቃለህ። እግሬ ራሱ ነበር የሚሰማህ።

ያቺ መኪና የቤታችን ብቻ አልነበረችም። ምጥ የያዛት፣ ወባ የጣለው፣ ከቡና ዛፍ ወድቆ እጁ የተሰበረ፣ ሁሉም በራችንን አንኳክቶ በእሷ ነው ሆስፒታል የሄደው። በይርጋጨፌ መንገድ ላይ ባለችው በጪጩ የሚኖረው ጋሪ ነጂ ጅግሶ፣ ሚስቱ ከኋላ ወንበር ላይ ስትገላገል አንተ ሸሚዝህን አውልቀህ ሕፃኑን ተቀበልክ። ሕፃኑን ፔጆ ብዬ የጠራሁት እኔ ነኝ። ስሙ ሌላ ነው፤ ግን ጪጩ ላይ ማንም ሰው በዚያ በሌላው አይጠራውም።

አሁን ወደ ረቡዑ ልምጣ።

ያን ረቡዕ ጠዋት ደረቴን ከበደኝ አልክና ከሥራ ቀረህ። ቃር ነው ብለህ ሞቅ ያለ ውሃ ጠጣህ። እኔ ዘይት ላስቀይርላት ብዬ ቁልፉን ለመንኩህ። ከስምንት ሰዓት በፊት ተመለስ አልከኝ። እሺ አልኩ። ቁልፉ ከተሰቀለበት ሚስማር አጠገብ ያ ግራጫ ባርኔጣህ ተሰቅሎ ነበር። መሳቢያው ላይ ደግሞ ጥቁር መነጽርህ። ሁለቱንም ያዝኩ። ዘይት ለማስቀየር ባርኔጣ ለምን እንደሚያስፈልግ አልጠየቅኸኝም። ብትጠይቀኝም የምዋሽህን አዘጋጅቼ ነበር።

ዘይት ቤት አልሄድኩም። ይርጋጨፌ ሄድኩ። እዚያ ሻይ ቤት ያለው ጓደኛዬ ባለፈው ሰው ፊት አሹፎብኝ ስለነበር ብድሬን ልመልስ ነው። ባርኔጣህን ደፍቼ፣ መነጽርህን አድርጌ፣ በፔጆህ ከአዲስ አበባ የመጣሁ ቡና ገዢ መስዬ ወረድኩ። ነጋዴዎቹ ናሙና በየሳህኑ ደረደሩልኝ። አንዷን ፍሬ አላምጬ፣ ራሴን ነቅንቄ፣ "ትንሽ ጨው ይጎድለዋል" አልኳቸው። ጓደኛዬ ማንነቴን ያወቀው ያኔ ነው። ሳቅን፣ ተሳሳቅን። ሰዓቱ ስምንት ሆነ፤ ዘጠኝም ሆነ። እኔ ገና እያላመጥኩ ነበር።

አንተ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በረንዳው ላይ ወደቅክ።

እትዬ አስቴር ወደ በሩ ሮጠች። መኪናዋ የለችም። አንድ ሰው ዘይት ቤት ሮጠ፤ እዚያም የለችም። ቡና ጭኖ የቆመ አይሱዙ ተገኘ፤ ሾፌሩ ተፈልጎ፣ ጆንያው ወርዶ፣ አንተን አስተኝቶ እስኪነሳ ከአንድ ሰዓት በላይ አለፈ። የከተማውን ሰው ሁሉ ያደረስክ አንተ፣ የሚያደርስህ አጣህ። ሐኪሙ በኋላ ማንንም አልወቀሰም። መቼ እንደጀመረህ ብቻ ጠይቆ፣ መልሱን ሰምቶ ዝም አለ። ያቺ ዝምታ ዛሬም አብራኝ ትበላለች።

አመሻሹ ላይ እኔ ገና ወደ ጪጩ እየወረድኩ ነበር። ሰማዩ ደመና ሆኖ ሳለ ጥቁሩን መነጽር አላወለቅኩም፤ ባለሀብትነቱ ገና አልወጣልኝም። ከፊቴ ጣውላ የጫነ ጋሪ ቆሟል። ጣውላው ከጋሪው ወደ ኋላ ክንድ ያህል ወጥቷል። አላየሁትም። ሳየው ፍሬኑን ረገጥኩ፣ ግን የጣውላው ጫፍ ከመኪናዋ ጥርስ መሃል ገባ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ደረቅ እንጨት በጉልበት ሲሰበር እንደሚለው ያለ። ራዲያተሩ ተረፈ። ሰውም በቅሎም አልተነካም። ሦስቱ ዘንጎች ግን ተሰባብረው አስፋልቱ ላይ ተበተኑ።

ጋሪ ነጂው ወርዶ እየተንበረከከ ቁርጥራጩን ይለቅም ጀመር። እኔ ችኩል ነኝ፣ ፊቱን እንኳ ልብ ብዬ አላየሁትም። መስኮቱን ዝቅ አድርጌ፣ እንደ ልጅ ጥርስ ጣሪያ ላይ ጣልልኝ፣ አዲስ ይበቅልላታል አልኩት። ሳቅኩ፤ እሱም ሳቀ። ነዳሁ።

ከዚያ ነው የጀመረው፣ ጋሼ። ፍጥነት ስጨምር ነፋሱ በተሰበረው ጥርስ መሃል ገብቶ ያፏጭ ጀመር። አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። እኔ ሞኙ ሳቅኩ። ያዘኝ ጋሼ፣ ከዚያው ከበረንዳው ሆኖ ያዘኝ አልኩ። እስከ ዲላ ድረስ አልተወኝም። ሰፈራችን ደርሼ ፍጥነት ስቀንስ ፉጨቱ ቆመ፣ በምትኩ የሰው ልቅሶ ሰማሁ። አንተ ያን ጊዜ ካረፍክ ቆይተሃል።

ለሰው ሁሉ ዘይት ቤት ወረፋ ያዘኝ፣ ስመለስ ድንጋይ ተፈናጥሮ ግሪሉን ሰበረው አልኩ። ዘይት ቤቱ ድረስ ሄዶ ያጣኝን ሰው፣ ሌላኛው ዘይት ቤት ነበርኩ አልኩት። ሐዘን ላይ ያለን ሰው ማን መልሶ ይጠይቃል? ባርኔጣህንና መነጽርህን በነበሩበት አስቀመጥኩ። በቀብርህም አለቀስኩ፤ ያ ልቅሶ ውሸት አልነበረም።

ሦስተኛው ቀን ላይ ጋሪ ነጂው ጅግሶ ለቅሶ ቤት መጣ። ድንኳኑ ውስጥ ቆሞ ታምሩን ረቡዕ አመሻሽ ጪጩ ላይ አይቼዋለሁ አለ። በመኪናው፣ በባርኔጣው፣ በመነጽሩ። አነጋግሮኛል፣ ስቆልኛል አለ። ሰው ሰዓቱን አሰላ። በዚያ ሰዓት አንተ ሞተሃል። እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር። ቆሜ "እኔ ነኝ" ማለት የምችልባት አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ እጄ ውስጥ እንዳለች ውሃ አለፈች። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች እንዲህ ያለ ወሬ አይነገርም ብለው ተቆጡ። ግን ወሬ የሽማግሌ ቁጣ ሰምቶ አያውቅም። ታምሩ ከሞተ በኋላ ሰው ሊሰናበት ጪጩ ድረስ ነድቷል ተባለ። ቤዛ ያን ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ወሬውን ስትሰማ በሦስት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ጠጣች።

ከዚያ በኋላ እንዴት ልንገራት?

ፔጆዋን አቮካዶው ስር አቆምኳት፣ ዳግመኛም አልነዳኋትም። ክረምት ነፋስ ሲነሳ በቆመችበት ታፏጭብኛለች። ዶሮ እንዳይገባባት ብዬ ጆንያ አለበስኳት፤ ጆንያው ውስጥ ሆናም ታፏጫለች። ግቢው ውስጥ ሳልፍ ከፊቷ አላልፍም ነበር፤ በጓሮ ዞሬ ነው የምገባው። ሰው ሲጠይቀኝ ለጤና ነው፣ ሐኪም ተራመድ ብሎኛል እላለሁ።

ከሦስት ወር በፊት ቤዛ ላገባ ነው አለች። ልጁ የይርጋጨፌ ሰው ነው፣ መምህር ነው፣ ዝም ያለ ልጅ ነው፤ እኔን ሁለት ጊዜ ብቻ አሳቀኝ፣ ይበቃዋል። ሥነ ሥርዓቱ እሱ በሚያመልክበት ይርጋጨፌ እንዲሆን ተስማሙ። እዚያ ድረስ ሙሽራዋን የምናደርሳት እኛ ነን። እሷም በሌላ መኪና አልሄድም አለች። በአባቴ መኪና ነው፣ ጥርሷንም አስገቡላት፣ ጪጩ ላይም አንድ ጊዜ ቆም እንላለን አለች። እኔን እያየች ነው ይህን ያለችው።

ሞተሩን ማስነሳት አላስቸገረኝም። ታውቀኛለህ፣ እኔ መካኒክነትን የተማርኩት ያንተን ዕቃ እያበላሸሁ ነው። የቸገረኝ ጥርሱ ነው። አዲስ አበባ ድረስ አፈላለግኩ፤ ለዚህች ዕድሜ የሚሆን ግሪል የለም አሉኝ። ስለዚህ ገበያ ላይ ጀሪካን የሚበይደው ሰውዬ ዘንድ ሄጄ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቢላውን በፍም አግሎ፣ ስንጥቁን አቅልጦ እንዴት እንደሚገጥመው አየሁ። ቤት ገብቼ ከቢጫ ጀሪካን ሦስት ዘንግ ቆረጥኩ፣ በጋለ ቢላ አጣበቅኩ፣ ጥቁር ቀባሁ። አማረ። እትዬ አስቴርንና ቤዛን ጠርቼ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ቆምኩና የሞተሩን ኮፈን በኩራት ዘጋሁት። ሦስቱም ዘንጎች ተከታትለው መሬት ላይ ወረዱ። ቤዛ እየሳቀች ጉልበቷን ያዘች። "አጎቴ፣ ሽማግሌ አድርገሃት ቀረህ" አለችኝ።

ተመልሼ ስሄድ ጀሪካን በያጁ ሳልነግረው ያወቀ ይመስል ነበር። የጀሪካን ፕላስቲክ ቅባታም ነው፣ ከዚህ ከደረቁ ጋር አይጋባም፣ የቴፕ ወይም የቴሌቪዥን ሽፋን ፈልግ፣ እሱ የዚህ ወንድም ነው አለኝ።

ቴፕ ሲለኝ ያንተ ቴፕ ትዝ አለችኝ። ያቺ ካሴት እየበላች የምታስለቅስህ። እሁድ ምሳ ላይ እትዬ አስቴርን ለመንኳት፤ ቴፗ እንደሆነ ከሞተች ቆይታለች፣ ሽፋኗን ብቻ ስጪኝ አልኳት። ተነሥታ ጓዳ ገባች። ቆየች። ስትመለስ የያዘችው ቴፕ አይደለም። በደረቀ የእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ፣ በቃጫ የታሰረ ትንሽ ነገር ሳህኔ አጠገብ አስቀመጠች። ቃጫውን ስፈታው ቅጠሉ እንደ አመድ ተበተነ። ውስጡ ጥቁር ፕላስቲክ ነበር። ሰባት ቁራጭ።

ጅግሶ ነው ያመጣው አለችኝ፣ በለቅሶህ ሦስተኛ ቀን። ከድንኳኑ ወጥቶ፣ እሷን ለብቻ ጠርቶ። የሞተ ሰው ጥርስ ቤቴ አላሳድርም፣ ጣሪያ ላይ ጣልልኝ ብሎኝ ነበር አላት። እሷም በዚያች ቃል መኪናዋን የነዳው ማን እንደሆነ አወቀች። አንተ በሕይወትህ እንዲህ ያለ ቀልድ ተናግረህ አታውቅም።

እጄ ላይ ያለው ጉርሻ ወዴት እንደሄደ አላውቅም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያወቅሽ ለምን ዝም አልሽኝ አልኳት። መነጽሯን አወለቀች።

"እሁድ እሁድ ያበላሁህ፣ አፍህ ሲከፈት እውነቱ አብሮ ይወጣ እንደሆነ ብዬ ነው" አለችኝ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላለችኝም፣ ጋሼ። እውነቱን ልጻፍልህ። ያቺን ሰዓት እኔም ቆጥሬያታለሁ ነው ያለችኝ፤ አንዳንድ ቀን ታምሩን የገደለችው እሷ ናት፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በመኪናም ቢሆን አይደርስም ነበር እላለሁ፣ አላወቅኩም አለች። ከዚያ የልጅቷን ነገር አነሣች። ከአባቷ የቀራት ያ ወሬ ብቻ ስለነበር ልነጥቃት አልቻልኩም፤ ግን በውሸት ላይ ቆማ አትዳር፣ ከማግባቷ በፊት ትስማ፣ ከእኔ አይደለም ካንተ አለችኝ። ይህን ብላ እንደገና ጓዳ ገባችና የቴፗን የባትሪ ክዳን አምጥታ ከቁርጥራጮቹ አጠገብ አኖረችው። "አጣብቅበት" አለች። ሳህኔን አነሣች።

እንዲህ ነው የጠገንኩት። የቴፕህን ክዳን እንደ ትምባሆ ፈቀፈቅኩት፤ ከቤዛ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያዋን ወሰድኩ። አጎቴ ጥፍር ልትቀባ ነው ብላ ቀለደችብኝ፣ እኔም ለሠርግሽ ነው አልኳት። ፍቅፋቂው በፈሳሹ ውስጥ ሲሟሟ እንደ ጥቁር ማር ይሆናል። ያ ነው የሚያጋባው። ቁርጥራጮቹን ጠረጴዛ ላይ አሰለፍኩ፤ የትኛው ከየትኛው እንደሚገጥም ስብራቱ ራሱ ይናገራል። ከጀርባ በኩል ከኤሌክትሪክ ገመድ የወጣ የመዳብ ሽቦ አግዬ፣ እንደ ቁስል ስፌት ስንጥቁን አቋርጬ ቀበርኩበት። በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩ፣ ጥቁር ቀባሁ። የታችኞቹ መያዣዎች ተሰብረው ስለነበር ከብስክሌት የውስጥ ጎማ ቆርጬ ማሰሪያ ሠራሁላት። አሮጌ ፕላስቲክ በጠዋቱ ብርድ ካጎበጥከው ይሰበራል፤ ስለዚህ እኩለ ቀን ድረስ ኮፈኑ ላይ ለፀሐይ አስጥቼ፣ ሲለሰልስ ቀስ ብዬ አስገባሁት። የፔጆ ምልክቷን አንበሳዋን መሃል ላይ ሰካሁ። ሁሉም ገጠመ፤ ከአንዲት የጣት ጫፍ ከምታክል ክፍተት በቀር። ያቺ ስምንተኛዋ ቁራጭ ናት፤ ጪጩ አስፋልት ላይ ቀርታለች።

ለቤዛ ግን አልነገርኳትም። ዛሬ እያልኩ ነገ፣ ነገ እያልኩ ሌላ ቀልድ። እትዬ አስቴር ታየኛለች፣ አትናገረኝም። የሠርጉ ጠዋት ደረሰ።

ሽማግሌዎቹ የሙሽራ እናት ቤቷ ትቀመጣለች አሉ። እኔ እትዬ አስቴርን በጓሮ በር አውጥቼ ከፊት ወንበር አስቀመጥኳት፤ ሲነቁብን ከተማውን ለቅቀን ነበር። አበባ የሚያስጌጡት ልጆች የፔጆዋን ፊት በአበባ ደፍነውት ስለነበር፣ ዳገቱ ላይ ሙቀቷ ወጣ። አበባው አየር አሳጥቷታል። ጪጩ ላይ ስንደርስ ከኮፈኑ ስር እንፋሎት ይወጣል። ቆምኩ። መርጬ አይደለም፣ ጋሼ፤ እሷ ናት ያቆመችኝ። ጋሪው የቆመበት ቦታ ነው።

ቤዛ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወረደች። መንገዱን አየች። እዚህ ነው አይደል የታየው አለችኝ፣ ፊቷ በርቶ። ሰላም ልትልህ ነው የወረደችው። ለመናገር ከዚያ የከፋ ጊዜ አልነበረም፤ ግን ከዚያ ወዲያ ደግሞ ጊዜ አልነበረኝም።

"ቤዛዬ፣ ያ ሰው እኔ ነበርኩ" አልኳት።

ሁሉንም ነገርኳት። ባርኔጣውን፣ መነጽሩን፣ ጨው የጎደለውን ቡና፣ ዘጠኝ ሰዓቱን። አላለቀሰችም። ያሳቀችኝ ልጅ ፊቷ እንዲህ ሊዘጋ እንደሚችል አላውቅም ነበር። ራዲያተሩ እስኪበርድ ድረስ ጀርባዋን ሰጥታኝ ቆመች። ከዚያ ራሷ ሄዳ አበባውን ከመኪናዋ ፊት አንድ በአንድ ፈታችና ከኋላ አሰረችው። ገብታ ተቀመጠች። በመስታወቱ ውስጥ ሳያት ወደ ውጭ ነው የምታየው።

ነዳሁ። መንገዱ ትንሽ ቁልቁል አለ፣ ፍጥነት ጨመርኩ። አንተ ጀመርክ።

አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። በዚያች በጣት ጫፏ ክፍተት በኩል። ዘጠኝ ዓመት እኔ ብቻ የምሰማው በሽታዬ ነው ብዬ ነበር፤ በጥገናው ያጠፋሁትም መስሎኝ ነበር። ከኋላ ቤዛ ቀና አለች። ሰማሽው ወይ እማዬ አለች፣ በቀስታ። እትዬ አስቴር ወደ ፊት እያየች ነበር።

"ሰማሁት" አለች። "ቀስ በል ነው የሚለው።"

እግሬን አነሣሁ። ፉጨቱ ቆመ። ይርጋጨፌ ደረስን። ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቤዛን በክንዴ ይዤ ላስገባት ስቆም፣ እጇን አንተ ትቆነጥጠን በነበረበት ቦታ፣ ከክንዴ ውስጠኛው በኩል አስገብታ ቆነጠጠችኝ። በጣም። ምልክቱ አንድ ሳምንት ቆየ። ከዚያ ግን ክንዴን አልለቀቀችም።

አንድ ነገር ቀርቶኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጪጩ ሄጄ ጅግሶን አገኘሁት። አርጅቷል፤ ልጁ ፔጆ ከእሱ ቁመት በልጧል። ያየኸው እኔን ነው፣ ታምሩን አይደለም፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ሰምቶኝ ሲያበቃ ፈገግ አለ፣ እንዳዘነልኝ ሰው ትከሻዬን ነካ።

"አንተንማ አውቅሃለሁ" አለኝ። "ያ ሰው ሲስቅ ፍንጭቱን አይቻለሁ።"

ጋሼ፣ እኔ ፍንጭት የለኝም። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ሳቅኩ፣ ደግሜ ሳቅኩ። የለኝም። ሰውዬው ካንተ ጋር የተነጋገረበት ሌላ ቀን ተደባልቆበት ይሆናል። ይሆናል እያልኩ ነው ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት፣ አሁንም ስጨርስ ይሆናል እላለሁ።

ቃሌ ይኸው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥርሷን በአሮጌ ብሩሽ እፈትጋለሁ፤ ቤዛ ከይርጋጨፌ ስትመጣ አጥር ላይ ተቀምጣ ትስቅብኝ። የታመመ ሰው በራችንን ካንኳኳ፣ መኪናዋ በቦታዋ ናት፣ ቁልፉም ሚስማሩ ላይ ነው። ስለ ጪጩ ታሪክ ሰው ሲያነሣ እውነቱን እናገራለሁ፤ የጅግሶንም አልደብቅም። ያቺን ክፍተት አልደፍናትም። በጪጩ በኩል ስሄድ ቀስ እላለሁ፤ ከረሳሁ አንተ ታውቃለህ።

የጫማህ አይጥ፣
ታናሽ ወንድምህ
ዲላ